ትርፍ ነጥብ

ከግሽ ዓባይ ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት፣
ሐይቁን ባንድ ዓይኗ ከምታይ መስኮት፣
ተቀምጬ ስሠራ መጣ አቶ እንዳላማው፣
ታንኳ ሠሪው ሰውዬ፣ ደንገል የሚሸት።

ብብቱ ሥር ይዟል የታጠፈ መጽሔት፣
አምና ለማኅበሩ እኛው ያተምንለት።
«አንቺ ልጅ፣ ይኼን ገጽ፣ ይኼን የኋላውን፣
ታንኳዬ ጎሕ ሲቀድ የቆመችበትን፣
ስልኬ ላይ ጫኝልኝ፤ ጎርጎራ ገዢ አለኝ፤
ዋጋው ስንት እንደሆን አስቀድመሽ ንገሪኝ።»

ዋጋው አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቅ ልኩ፤
ወረቀት በሳንቲም፣ በነጥብ ነው ስልኩ።
ወርዱ አንድ ሺህ ሰማንያ፤ አይበልጥ፣ አይጎድል፤
ካነሰ ይደበዝዛል፤
ከበለጠ የስልኩ መቀስ ከጫፉ ይቀነጥሳል።
አምና ላንድ ሙሽራ፣ ጥፍር የምታህል ምስሏን ጎትቼ ባሰፋው፣
ፊቷ እንደ በሶ ፈረሰ፤ እናቷም አላወቀችው።

ገጹን ከፈትሁና «ሥዕል አርገህ አውጣ» አልሁት፤
ማሽኑ አሰበ፣ አሰበ፣
አንድ ሺህ ሰማንያ አንድ ብሎ አስረከበ።
አንድ?
ደግሜ አወጣሁት። አሁንም ትርፍ አንድ።
ሰባ ሁለት ብለው፣ ዘጠና ስድስት ብለው፣
ሦስት መቶም ብለው፣
ቁጥሩ ሁሉ ይሄዳል፤ ያቺ አንድ ግን ያው።

አጎላሁት፣ ተጠጋሁት፣ ቀኝ ዳሩን አየሁ፤
ነጭ ክር አገኘሁ፣
ከላይ እስከ ታች የወረደ፣
የጣናን ጫፍ ይዞ፣ ሰው ያልረገጠው
ሌላ ዳርቻ መስሎ የነጎደ።
የትንኝ ክንፍ መሰለኝ፣ ማታ ስክሪኑ ላይ የሞተች፤
በጥፍሬ ፋቅኋት።
አልተላጠችም። አለች።

ይኼኔ መብራት ሄደ። ባትሪው እንደ ጫጩት ጮኸ።
በጨለማው ውስጥ ሰውዬው፣ በመጽሔቱ እያራገበ፣
«ምነው ዘገየብሽ?» አለኝ። ነገርሁት የሆነውን፣
አንዲት ነጥብ መትረፏን፣ ወርዱ አልገጥም ማለቱን።
ሳቀ። «እኛ ደንገል ስንቆርጥ ስንዝር እናስተርፋለን፤
ፀሐይ ሲመታው ይኮማተራል፤ ያኔ ልኩን እናገኛለን።
የናንተ አይደርቅም?»
«አይደርቅም» አልሁት፤ «የኛ ትርፍ እንደተረፈ ነው፤ አይለቅም።»

መብራት መጣ። ገጹን ትቼ መነሻውን አየሁ፤
ሥዕሉን ትቼ ያረፈበትን ጥግ ለካሁ።
ለካ ፈቀቅ ብሏል! ለግማሽ ነጥብ ያህል፤
ማን ነካው፣ መቼ ነካው? እኔው ነኝ፣ ይሆናል።
ማሽን ግን ግማሽ አያውቅም፤ ጣቱን ላስገባ ከበር
ሙሉ ክፍል ይሰጠዋል፣ ባዶ ነጭ ሆኖ ሊያድር።
መለኪያውን ከሳንቲም ወደ ነጥብ መለስሁ፤
ከግራ ዜሮ፣ ከላይ ዜሮ፣ ገጹን ከጥጉ አስጠጋሁ።
አወጣሁት።
አንድ ሺህ ሰማንያ። እፎይ።
ቴሌግራም እንዳያኮስሰው በፋይል ላክሁለት።

ስልኩን አራቀ፣ አቀረበ፣ መነጽሩን ገፋ፤
«ደግ ነው። ጥሩ ነው። ግና ያ ነጭ ክር የት ጠፋ?»
«የትኛው?»
«ቅድም በዳሩ የነበረው፣ በትከሻሽ አሻግሬ ያየሁት።
ከደቅ ስንመለስ ሌሊት፣ ቀዛፊው ክንዱ ሲዝል፣
ከተማው ገና ሳይታይ፣ ዘንባባው ከጥላው ሳይለይ፣
እንዲያ ያለ ክር ይዘረጋል፣ ውኃው ላይ፣ በስተማዶ።
‹ደረስን› የምንለው እሱን ስናይ ነው፤
ሌላ ምልክት የለንም።
ፎቶው እሱን የያዘ መስሎኝ
ልቤ ደስ ብሎት ነበር።»

ስሕተት ነው ልለው አልሁና
ምላሴ ተያዘ።
የጣልሁትን ከቅርጫቱ መልሼ አወጣሁ፤
ለጎርጎራው ገዢ፣ አንድ ሺህ ሰማንያ፤
ለሱ፣ አንድ ሺህ ሰማንያ አንድ።

«ስንት ነው?» አለ፣ እጁን ኪሱ ከቶ።
የአንዱን ነገርሁት።
ትርፏን አልቆጠርሁም።